ሻንጣቸውን ያልፈቱ ባለሙያዎች፦ ከቱራሌይ እስከ ፓሪስ የተጓዘ የቅርጫት ኳስ ታሪክ



የዚህ የበዓል መጽሔት አዘጋጅ ኮሚቴ «ስለምንኖርበት አገር ታሪክ አንድ ጽሑፍ አዘጋጅልን» ሲለኝ መጀመሪያ ያሰብኩት እንደማንኛውም ሰው ስለ ጦርነቱና ስለ ሰላሙ ለመጻፍ ነበር። ስለ 1972ቱ የአዲስ አበባ ስምምነት፣ ስለ ኢታንግና ስለ ፒኙዶ የስደተኞች ካምፖች፣ ስለ 2005ቱ የናይሮቢ ፊርማ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ አባላት ስላሉን ያንን ለእነርሱ ትቼዋለሁ። እኔ የመረጥኩት ቅርጫት ኳስን ነው። አንዳንዶቻችሁ «በበዓል መጽሔት ላይ ኳስ ምን ሊሠራ?» ትሉ ይሆናል። ብትታገሡኝ ወደ እኛው ጓዳ የሚመልሰን ነገር አለው። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የጀመረው ነሐሴ 27 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2023 ነው። ቅዳሜ ነበር። ከጥቂት ወገኖች ጋር እዚህ ጁባ በአንድ አገራችን ሰው ምግብ ቤት ተቀምጠን ቡና እየጠጣን ነበር። ቴሌቪዥኑ እንደወትሮው የእንግሊዝን እግር ኳስ አያሳይም፤ የቤቱ ደንበኞች የሆኑት የአገሩ ልጆች ቦታውን ሞልተውታል። ደቡብ ሱዳን ማኒላ ላይ በዓለም ዋንጫ ከአንጎላ ጋር እየተጫወተች ነበር። ውጤቱ 101 ለ 78 ሆነ። በዚያች ዕለት ይህች በ2011 ነጻነቷን ያገኘች አገር ከአፍሪካ ቡድኖች ሁሉ የተሻለ ውጤት አምጥታ ለፓሪስ ኦሊምፒክ አለፈች። ውጭ የሞተር ሳይክሉን ጥሩምባ፣ የመኪናውን ክላክስ የሰማ ሰው የሚረሳው አይመስለኝም።

እኔ ግን ከዚያ ጩኸት ይልቅ የማስታውሰው ጨዋታው መካከል ላይ የተደረገች አጭር ንግግር ነው። አንድ ረጅም ተጫዋች ከሩቅ ወርውሮ ሲያስገባ ከእኛ አንዱ «ይኼ ደግሞ ዲንቃ ነው ወይስ ኑዌር?» ብሎ ጠየቀ። ጥግ ላይ ተቀምጦ የነበረው የጋምቤላው ወንድማችን ሲኒውን አስቀመጠና «አኙዋ ነው። ስሙን አላያችሁትም? ኦሞት ነው። ወላጆቹ ከእኛው አገር ነው የወጡት» አለ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። ከዚያ አንዱ በቀልድ መልክ «ታዲያ ለምን ለእኛ አይጫወትም?» ቢለው «መቼ ጠራችሁት?» ሲል መለሰለት። ሳቅን፤ ግን ሳቁ ብዙ አልቆየም። ያን ዕለት ማታ ስለ ልጁ ማንበብ ጀመርኩ፤ ከእርሱ ተነሥቼም የዚህን አገር ተጫዋቾች ሁሉ መንገድ ተከተልኩ። ያገኘሁትም የኮከቦችን ታሪክ ሳይሆን የተዘዋዋሪ ሠራተኞችን ታሪክ ነው።

ፈረንጆች ከክለብ ወደ ክለብ፣ ከአገር ወደ አገር በኮንትራት እየዞረ የሚኖር ተጫዋችን የሚጠሩበት የራሱ ቃል አላቸው፤ ከድሮው የእጅ ሙያ ዓለም የተወሰደ ነው። ሙያውን የጨረሰ፣ ነገር ግን የራሱን ሱቅ ያልከፈተ፣ በየጌታው ደጅ እየዞረ በቀን ሂሳብ የሚሠራ አንጥረኛ ወይም አናጢ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ለዚህ የሚቀርበው የቆሎ ተማሪ ይመስለኛል፤ ድጓውን ከአንዱ ደብር፣ ቅኔውን ከሌላው፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ይዞራል። ልዩነቱ የቆሎ ተማሪው አንድ ቀን መምህር ሆኖ ይቀመጣል፤ ተጫዋቹ ግን ዕድሜው ሠላሳ አምስት ሲሞላ ጉልበቱ አልቆ ሜዳውን ይለቃል።

የዚህ መንገድ አባት ማኑት ቦል ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው በቁመቱ ብቻ ነው፤ 2 ሜትር ከ31 ሳንቲ ሜትር ነበር። የዲንቃ ተወላጅ ሲሆን በ1962 እንደተወለደ ተመዝግቧል፤ አገሩም ቱራሌይ ናት። ከብት ጠባቂ ነበር። ዋውና ካርቱም ላይ ኳስ ሲጀምር ለመጀመሪያ ጊዜ ዘሎ ሲያስገባ ጥርሱ ከመረቡ ጋር ተጋጭቶ እንደተሰበረ ይተረካል። ዶን ፊሊ የተባለ አሜሪካዊ አሠልጣኝ በ1982 ሱዳን መጥቶ ሲያሠለጥን አየውና ወደ አሜሪካ እንዲሄድ አግባባው። በፓስፖርቱ ላይ ቁመቱ አምስት ጫማ ከሁለት ኢንች ተብሎ ተጽፎ ነበር ይባላል፤ የካርቱሙ ሹም ተቀምጦ እያለ ለካው አሉ። እኛ የፓስፖርት ቢሮን ወረፋ የምናውቅ ሰዎች ይህን ለማመን አይቸግረንም።

በ1983 የሳን ዲዬጎ ክሊፐርስ ቢመርጠውም ሊጉ ምርጫውን ሰረዘው። እንግሊዝኛም ገና አልገባውም ነበር። ብሪጅፖርት በሚባል አነስተኛ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት፣ በሮድ አይላንድ በአንድ የበጋ ሊግ ጥቂት ጊዜ ተጫውቶ በ1985 በዋሽንግተን ቡሌትስ በ31ኛ ደረጃ ተመረጠ። በመጀመሪያ ዓመቱ 397 ኳሶችን ከአየር ላይ መለሰ፤ ለጀማሪ ተጫዋች እስከ አሁን ያልተደፈረ ቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ ዙረቱ ይጀምራል። ከዋሽንግተን ወደ ጎልደን ስቴት፣ ከዚያ ወደ ፊላዴልፊያ፣ ከዚያ ወደ ማያሚ፣ እንደገና ዋሽንግተን፣ እንደገና ፊላዴልፊያ፣ እንደገና ጎልደን ስቴት። በአሥር ዓመት ውስጥ 624 ጨዋታ ተጫውቶ 1,599 ነጥብ ሲያስቆጥር የመለሳቸው ኳሶች ግን 2,086 ናቸው። ካስቆጠረው ነጥብ ይልቅ የመለሰው ኳስ የሚበልጥ ሰው በዚያ ሊግ ታሪክ እርሱ ብቻ ነው። ሰው ሊያስገባ የመጣውን እየከለከለ የኖረ ማለት ነው። አንድ ዓመት ጎልደን ስቴት ላይ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ 91 ጊዜ ወርውሮ 20 አስገብቷል፤ ቁጥሩ አያኮራም፤ ተመልካቹ ግን በወረወረ ቁጥር ይነሣ ነበር።

ሪህና የጉልበት ሕመም ሲበረታበት ከትልቁ ሊግ ወጣ። አብዛኛው ሰው የማያውቀው ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። በ1995 እና በ1996 ፍሎሪዳ ውስጥ በታችኛው ሊግ፣ በ1997 ደግሞ በጣሊያን ፎርሊ ከተማ ተጫወተ። ያገኘውን ገንዘብ ግን አላስቀመጠም። ለደቡቡ ትግልና ለስደተኞች የሰጠው ከሦስት ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ይነገራል። ካርቱም በተመለሰ ጊዜ የስፖርት ሚኒስትርነት ቢቀርብለትም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ስለተጠየቀ እምቢ አለ፤ ከዚያም ከአገር መውጫ ተከለከለ። በግብፅ በኩል ወጥቶ በ2002 አሜሪካ ሲገባ እጁ ላይ የቀረ ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት በቴሌቪዥን ከአንድ የቀድሞ የአሜሪካ እግር ኳስ ተጫዋች ጋር ቦክስ ገጠመ። ሰው ሳቀበት። እርሱ ግን ክፍያውን ለአገሩ ሕፃናት ነበር የፈለገው። እኔ በግሌ ከዚያ ሁሉ ከተመለሰ ኳስ ይልቅ ይህችን ቦክስ አከብራታለሁ። ጁን 19 ቀን 2010 በ47 ዓመቱ ቨርጂኒያ ውስጥ ሞቶ ቱራሌይ ተቀበረ። ለነጻነቱ አንድ ዓመት ያህል ነበር የቀረው።

ማኑት ግብፅ በነበረ ጊዜ ከዋው የተሰደዱ የአንድ የቀድሞ ሚኒስትር ልጆችን ኳስ ያስተምር ነበር። ከእነርሱ አንዱ ሉዎል ዴንግ ይባላል። ቤተሰቡ በኋላ እንግሊዝ ጥገኝነት አግኝቶ ደቡብ ለንደን ገባ፤ ልጁ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በ2004 በሰባተኛ ደረጃ ተመረጠ፤ ለቺካጎ ቡልስ አሥር ዓመት ያህል ተጫወተ፤ በ2012 እና በ2013 የኮከቦች ጨዋታ ላይ ተሰለፈ። እርሱን ተዘዋዋሪ ማለት አይቻልም፤ ኮከብ ነው። ሆኖም ከቺካጎ በኋላ ክሊቭላንድ፣ ማያሚ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሚኒሶታ እያለ እርሱም መጨረሻው ላይ ሻንጣውን ይዞ ዞሯል። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

አሁን ለማያውቁት አንባብያን የዚህን ሥራ አሠራር ባጭሩ ልግለጽ፤ ያለዚህ የሚከተለው አይገባም። የአሜሪካው ትልቁ ሊግ ኤን.ቢ.ኤ. 30 ክለቦች አሉት። እያንዳንዱ ክለብ በመደበኛ ኮንትራት የሚይዘው 15 ተጫዋች ነው። ይኸውም በዓለም ላይ 450 ቋሚ ወንበር አለ ማለት ነው። በየዓመቱ «ድራፍት» በሚባለው ምርጫ ስልሳ ያህል ወጣቶች ይመረጣሉ፤ ያልተመረጠ በራሱ በር ያንኳኳል። ከሥሩ ጂ-ሊግ የሚባል የማሳደጊያ ሊግ አለ፤ በ2001 የተመሠረተ ነው፤ ደመወዙ በ2018 በዓመት 35,000 ዶላር ነበር። ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ተጫዋቹን በታችኛውና በላይኛው ቡድን መካከል የሚያመላልስ ባለሁለት ወገን ኮንትራት መጣ። ከሁሉ የሚገርመው ግን የአሥር ቀን ኮንትራት ነው። ከጥር ጀምሮ አንድ ክለብ ሰው ሲጎድልበት አንዱን ለአሥር ቀን ይቀጥራል። አሥሩ ቀን ሲያልቅ አንድ ጊዜ ብቻ ሊያድስለት ይችላል፤ ከዚያ ወይ እስከ ውድድሩ መጨረሻ ያስፈርመዋል፣ ወይ ያሰናብተዋል። በዚህ ከተማ በግንባታ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞች ይህን ከእኔ ማብራሪያ አትፈልጉም።

ዌንየን ገብርኤል የዚህ ሕይወት ምሳሌ ነው። በ1997 ካርቱም ተወለደ፤ ቤተሰቡ ሕፃን ሆኖ ሳለ ይዘውት በግብፅ በኩል አሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ገቡ። ኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ዓመት ተጫውቶ በ2018 ለምርጫ ቀረበ፤ ማንም አልመረጠውም። ሳክራሜንቶ በባለሁለት ወገን ኮንትራት ወሰደው። በ2020 መጀመሪያ ከሌሎች ተጫዋቾች ጋር ተለውጦ ወደ ፖርትላንድ ተላከ። በዚያ ሥራ ሰው እንደ ዕቃ ይለወጣል፤ አዲሱን ከተማውን የሚሰማው በስልክ ነው። ከዚያ ኒው ኦርሊንስ። በ2021/22 ውድድር ደግሞ በዊስኮንሲን የማሳደጊያ ቡድን ጀመረ። የኮሮና ወረርሽኝ እንደገና ተነሥቶ የክለቦቹ ተጫዋቾች ሲታመሙ የአሥር ቀን በር በሰፊው ተከፈተ፤ በአንድ ውድድር ዓመት የብሩክሊንንም፣ የክሊፐርስንም፣ የሌከርስንም መለያ ለበሰ። ሌከርስ ላይ ተረጋጋ፤ በ2022/23 ከሌብሮን ጄምስ ጋር አብሮ እስከ ምዕራቡ ምድብ ፍጻሜ ደረሰ። ቀጥሎ እስራኤል ለማካቢ ቴል አቪቭ፣ ከፓሪስ ኦሊምፒክ በኋላ ደግሞ አቴና ለፓናቲናይኮስ ተጫወተ። ስሙ ገብርኤል መሆኑ በእኛ ሠፈር ደጋፊ አብዝቶለታል፤ አንዲት እናታችን «የመልአኩ ስም ያለው የት ገባ?» ብለው ካልጠየቁ ጨዋታ አይጀምሩም።

ካርሊክ ጆንስም ያው ነው። እርሱ የሲንሲናቲ ልጅ፣ አሜሪካዊ ነው። በ2021 ሳይመረጥ ቀረ፤ በዚያው የኮሮና ክረምት ለዳላስ አሥር ቀን፣ ለዴንቨር አሥር ቀን ሠራ። በ2023 የማሳደጊያው ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ተሸለመ፤ ቋሚ ወንበር ግን አላገኘም። ወደ ቻይና፣ ቀጥሎም ቤልግሬድ ወደ ፓርቲዛን ሄደ። የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ፊባ ለአንድ አገር ከፈቀደው አንድ በዜግነት የተቀበለች ተጫዋች ቦታ ደቡብ ሱዳን የሰጠችው ለእርሱ ነው። ይህች ከምንም በላይ ሰው ተሰዶባት የኖረች አገር ዜግነት ሰጥታ ሰው ስታመጣ ማየት ለእኔ እንግዳ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ኦሞት ልምጣ። ኑኒ ኦሞት በ1994 ኬንያ ውስጥ በስደተኞች ካምፕ ተወለደ። እናቱ ከኢትዮጵያ ታላቅ ልጃቸውን ይዘው ከጦርነት ሸሽተው የወጡ ናቸው። በኋላ አሜሪካ ሚኒሶታ ገቡ፤ ሚኒሶታ ብዙ የአኙዋ ተወላጆች የሚኖሩበት ግዛት ነው። ማህቶሚዳይ በምትባል ትንሽ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ተማረ። ሲጨርስ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች አልፈለጉትም። ሴንት ፖል ውስጥ ኮንኮርዲያ በተባለ በሁለተኛው ምድብ በሚወዳደር ኮሌጅ ጀመረ። ከዚያ አዮዋ ውስጥ ኢንዲያን ሂልስ ወደሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሄደ። እንግዲህ ያ ነው የቆሎ ተማሪው፤ አንዱ ደብር ሲያስተምረው ወደሚቀጥለው አለፈ። በ2016 ቴክሳስ ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተቀበለውና ሁለት ዓመት በትልቁ ሜዳ ተጫወተ። በ2018 ለምርጫ ቀረበ። ስሙ አልተጠራም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ከላይ ከገለጽኩት የተለዩ አይደሉም። በኒው ዮርክ ኒክስ ሥር ላለው ለዌስትቸስተር ኒክስም ተጫውቷል፤ ትልቁ ቡድን ግን አንድም ቀን አላሰለፈውም። በ2023 የግብፁ አል አህሊ ለአፍሪካ ሊግ አስፈረመው። ይህ የአፍሪካ ሊግ በ2021 የተጀመረ ሲሆን ኤን.ቢ.ኤ.ና ፊባ በጋራ ያቋቋሙት ነው። ሜይ 27 ቀን 2023 ኪጋሊ ላይ አል አህሊ የሴኔጋሉን ዱዋንን 80 ለ 65 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፤ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመውም ኑኒ ኦሞት ነበር። ከስደተኛ ካምፕ ወጥቶ ወደ ተወለደበት አህጉር የተመለሰው ልጅ በ28 ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሁሉ የበላይ ሆነ። በዚያው ዓመት በማኒላ፣ በተከታዩ ዓመት በፓሪስ ለደቡብ ሱዳን ተሰለፈ።

ስለ ዜግነቱ ጥያቄ ያነሡ ወገኖች ስላሉ አንድ ነገር ልበል። የደቡብ ሱዳን የ2011 የዜግነት ሕግ ወላጁ ወይም አያቱ እዚህ አገር ለተወለደ ሰው ብቻ ሳይሆን ከአገሩ ነባር ብሔረሰቦች የአንዱ ተወላጅ ለሆነ ሰው ጭምር በር ይከፍታል። አኙዋ ደግሞ በባሮና በአኮቦ ወንዞች በሁለቱም ዳርቻ የኖረ ሕዝብ ነው፤ ጋምቤላም ፖቻላም አገሩ ነው። ድንበሩ በኋላ የመጣ ነው፤ በ1902 የምኒልክና የእንግሊዝ ሰዎች ሲስማሙ ማንም አኙዋውን አልጠየቀም። ስለዚህ ልጁን «ከእኛ ወሰዱት» የሚለው አነጋገር አይመቸኝም። እኛ መች ይዘነው እናውቃለን? ጋምቤላን በመኪና አልፈናት እንደሆን እንጂ ስንቶቻችን አድረንባታል? እኔ ራሴ ወደ እዚህ ከመምጣቴ በፊት አላየኋትም ነበር። የጋምቤላው ወንድማችን በራሱ ማኅበር ስብሰባ ላይ ገና ስሙን ሳይናገር በአረብኛ ሰላም ያሉት ሰዎች አሉ። ይህን የጻፍኩት ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ሰላም ካሉት አንዱ እኔ ስለነበርኩ ነው።

ወደ ሉዎል ዴንግ ልመለስ። የደቡብ ሱዳን ፌዴሬሽን የፊባ አባል የሆነው በ2013 መጨረሻ ነው፤ ያ ወር ጁባ ላይ ምን እንደተፈጠረ ለዚህ መጽሔት አንባቢ አልነግርም። በ2016 ጁላይም ብዙዎቻችን በሻንጣ ብቻ የወጣንበት ጊዜ ነበር። ዴንግ በ2019 ጫማውን ሰቅሎ የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነ። ቡድኑ የሚለማመድበት ጣሪያ ያለው ሜዳ በአገሩ አልነበረም፤ ኪጋሊና ሌላ ቦታ ይሰበሰቡ ነበር። የአውሮፕላኑን፣ የሆቴሉን ወጪ ብዙውን ከራሱ ኪስ እንደከፈለ በሰፊው ተዘግቧል። ዋነኛ ሥራው ግን ስልክ መደወል ነበር፤ ከአውስትራሊያ፣ ከካናዳ፣ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ በየታችኛው ሊግ የተበተኑትን የስደተኛ ልጆች አንድ በአንድ ጠራ። «መቼ ጠራችሁት?» ያለው ሰውዬ ንግግር እዚህ ጋ ነው ትርጉሙ የገባኝ። ለአሠልጣኝነት ያመጣውም ሮያል አይቪን ነው፤ እርሱም በተጫዋችነቱ አትላንታ፣ ሚልዋኪ፣ ፊላዴልፊያ፣ ኦክላሆማ እያለ የዞረ፣ አግዳሚ ወንበር የለመደ ሰው ነው። ዘዋሪ ዘዋሪን ያውቃል።

ውጤቱ ፈጣን ነበር። በ2021 ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፉበት የአፍሪካ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ደረሱ። ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ 12 ጨዋታ ተጫውተው 11 አሸነፉ። ማኒላ ላይ ቻይናን 89 ለ 69፣ ባለ አገሩን ፊሊፒንስን 87 ለ 68፣ አንጎላን እንዳልኩት። በ2024 ጁላይ 20 ለንደን ላይ ለኦሊምፒክ ዝግጅት ከአሜሪካ ጋር ሲጫወቱ ጨዋታው ሊያልቅ ሴኮንዶች ሲቀሩት እየመሩ ነበር፤ ሌብሮን ጄምስ አስገብቶ 101 ለ 100 አዳነ። በዚያ ምሽት የአሥር ቀን ሠራተኛ የነበረው ካርሊክ ጆንስ በነጥብ፣ በማቀበልና የተመለሰ ኳስ በመያዝ በሦስቱም ከአሥር በላይ አስመዘገበ። በአንዲት ነጥብ የተሸነፈ ቡድን ጁባ ላይ እንዳሸነፈ ሲጨፈርለት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ጁላይ 28 ቀን 2024፣ እሑድ፣ ሊል በምትባለው የፈረንሳይ ከተማ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ጨዋታቸው ነበር። ቡድኑ ተሰልፎ ሳለ የተሰማው መዝሙር የሱዳን መዝሙር ሆነ። የተሳሳተው መዝሙር ተቋረጠ፤ አዳራሹ አጨበጨበላቸው፤ ትክክለኛው እስኪገኝ ልጆቹ እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ ቆሙ። እኛ ያለንበት ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ነበር፤ መዝሙሩ እስኪስተካከል አልተቀመጡም። ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸነፉ። ቀጥሎ በአሜሪካ 103 ለ 86፣ በሰርቢያ 96 ለ 85 ተሸንፈው ወደየቤታቸው፣ ማለቴ ወደየኮንትራታቸው ተበተኑ። ከአሜሪካ ጋር በተደረገው ጨዋታ ለደቡብ ሱዳን ከሁሉ የበለጠ ያስቆጠረው ኑኒ ኦሞት ነው፤ 24 ነጥብ። በፊቱ የቆሙት በዚያ ሊግ ቋሚ ወንበር ያላቸው፣ እርሱ አንድ ቀን እንኳ ያልተሰጠው ወንበር ባለቤቶች ነበሩ።

ከቡድኑ ትንሹ ካማን ማሉዋች ነበር፤ ኡጋንዳ ያደገ የሩምቤክ ልጅ። የጁባው ኮብራ ስፖርት በ2022 በአፍሪካ ሊግ ሲሳተፍ ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ሆኖ ተሰልፎለት ነበር። በ2025 ከመላው ወጣቶች በአሥረኛ ደረጃ ተመርጦ ፊኒክስ ገባ። እርሱ ምናልባት ሻንጣውን ይፈታ ይሆናል። ሌሎቹ ግን ይህን ስጽፍ አንዱ እስያ፣ አንዱ አውሮፓ ናቸው፤ የትኛው የት እንዳለ ለማወቅ የየወሩን ዜና መከታተል ያሻል።

ቅርጫት ኳስ ለእኛም ባዕድ አልነበረም። ጨዋታው በ1891 ስፕሪንግፊልድ በወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የተፈጠረ ሲሆን አዲስ አበባ ላይም የዕድሜ እኩዮቼ የለመዱት በዚያው በወወክማ ሜዳ ነው። እኔም ሞክሬ ነበር፤ ቁመቴ ከትከሻቸው ስለማያልፍ ኳስ እንዳቀብል ብቻ ይፈቅዱልኝ ነበር።

ባለፈው ጊዜ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ኒምራ ታላታ ባለው ሜዳ በኩል አለፍኩ። የሲሚንቶው ሜዳ ላይ ልጆች ሞልተዋል፤ ግማሾቹ በነጠላ ጫማ ነው የሚሮጡት። የጋምቤላው ወንድማችን ዳር ቆሞ አገኘሁት። የአሥራ አራት ዓመት ልጁ ከመካከላቸው ነበር፤ ቁመቱ አባቱን አልፏል። ልጁ ጁባ ነው የተወለደው፤ እናቱ የዚህ አገር ሰው ናት፤ አማርኛ፣ አኙዋኛና የጁባ አረብኛ እያፈራረቀ ይጮኻል። «ለመሆኑ ጎበዝ ከሆነ ለየትኛው አገር ልታጫውተው ነው?» አልኩት። ዓይኑን ከልጁ ሳያነሣ «ጫማው አፉን ከፍቷል፤ ማኅበሩ መጀመሪያ እርሷን ይግዛለት» አለኝ። ጥያቄውን በሚቀጥለው ስብሰባ አቀርባለሁ ብዬ ቃል ገብቼለታለሁ፤ ቁጥሩ 46 ነው።